ከዳር የቀረችው ቢጫ ወረቀት

ውድ የትናየት፣

የቀድሞ ባልሽ ሚስት ደብዳቤ ትጽፍልኛለች ብለሽ እንደማትጠብቂ አውቃለሁ። እኔም እጽፋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ከገለጉ ከተማ ወዲያ ስልክ ስለማይሠራ ነው እንጂ በሁለት ቃል በነገርሁሽ ነበር። ይህን የሚያደርስልሽ የሠራተኛ ምግብ ወደምትሠሪበት እርሻ ናፍጣ የሚያመላልሰው ባለ ትራክተሩ ደሴ ነው። ልጅሽ ሰገነት ደህና ናት፤ ቀሪውን ተረጋግተሽ አንብቢው።

ክረምቱን እናቶቻቸው ለአረም ሲሄዱ የሰፈሩ ሕፃናት እኔ ዘንድ ይውላሉ። ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ስለው እንደሚዞሩ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ሥዕሉን ትተን ወረቀት እንሸምን አልኋቸው። ሥራው ቀላል ነው፤ አንዱን ወረቀት ጫፉን ሳትበጥሺ ትሰነጣጥቂዋለሽ፣ ከሌላው ቀጫጭን ቁራጭ ታወጪና አንዱን በላይ አንዱን በታች እያልሽ ታስገቢያለሽ።

የረሳሁት ነገር ቢኖር እነዚህ ልጆች የገመድ አልጋ ላይ የሚያድሩ መሆናቸውን ነው። የጎረቤታችን ልጅ ደረበ ገና ሁለት ሦስት መስመር እንዳስገባ ተነሥቶ ወረቀቱን በእግሩ ረገጠና ቁራጩን በሁለት እጁ ሳበው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየወጠርሁት ነዋ! ካልተወጠረ ይረግባል። አባዬ አልጋ ሲወጥር እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

እስክናገር ድረስ ሁሉም ረግጠው ይስባሉ። ኩብራ «ያ አላህ፣ የኔ ተቀደደ!» ብላ ስትጮህ የሌሎቹም ተቀዶ አልቆ ነበር። ሳቅሁ፤ እንደዚያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ። ከጓዳ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አምጥቼ እንደገና ጀመርን።

ሰገነት አልረገጠችም። ቢጫዎቹን ቁራጮች ቀስ እያለች ስታስገባ ቆየችና አንዲት ስትቀራት አቆመች። ሌሎቹ ጫፉን በሙጫ ሲያጣብቁ እሷ እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

«ጨርሻት እንጂ» አልኋት።

«እማዬ ስትመጣ።»

«ለምን?»

«አልጋ ሲወጠር መጨረሻው ላይ ከወዲያ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔ ልያዝልሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺማ እዚሁ ነሽ፣ እትዬ።»

ከፋኝ፤ አልደብቅሽም። ልብሷን የማጥበው፣ ጠጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። እራት ስሠራ ግን ሌላ ነገር አሰብሁ። በፋሲካ መጥተሽ ቀሚሱን ከደጅ ሰጠሻት፤ ግቢ ብልሽ «መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል» ብለሽ ተመለስሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስምሽን አንሥታ አታውቅም ነበር። አባቷ አለበል «ረስታታለች፣ ይሻላል» ሲል እኔም አምኜው ነበር። አልረሳችሽም። እስከሚመጣው እንቁጣጣሽ ድረስ ትጠብቅሽ እንደሆነ ግን አላውቅም። አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ረጅም ነው።

በበዓሉ ዕለት ልጆቹ ወረቀታቸውን ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ የእሷ ግን ሳያልቅ ፍራሿ ሥር ቀረ። ዝናብ እየመታቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲመለሱ እሷ በር ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። አለበል «ላኪላት፣ እዚያው ጨርሳ ትመልሰው» አለኝ። እውነትም ከካርቶን ጋር አሥሬው ነበር፤ ከዚያ ፈታሁት። እዚያ ብቻሽን ብትጨርሽው ከወዲያ ማን ይይዛል?

ቢጫዋን ቁራጭ ግን ልኬልሻለሁ። የሰጠችኝ ራሷ ናት። «እንዳትታጠፍ» ስላለችኝ ነው በሁለት ካርቶን መሃል ያደረግኋት፤ ደሴም አደራ ተብሏል።

መንገዱ ደርቆ ሰሊጥ የሚጭኑት መኪናዎች መመላለስ ሲጀምሩ በአንዱ ተሳፈሪ። እኔ ቤት ውስጥ እኖራለሁ፤ ለእናንተ ብዬ አልወጣም፣ አንቺም በእኔ ምክንያት ከደጅ አትመለሺ። ወረቀቱ ፍራሹ ሥር ነው። ቢጫዋን ይዘሻት ነይ።

ውቢት
ኮኪት፣ መስከረም