ዛሬ አጠገቤ አትቀመጪ

እህትዓለም፣

ስትነቂ አታገኚኝም፤ ቀድሜሽ ወጥቻለሁ። ሩዙን አሙቀሽ ብዪ። ቧንቧውን ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው፤ ሲንጠባጠብ እኔ አልሰማውም፣ አንቺን ግን እንቅልፍ ይነሳሻል።

ትናንት የዩኒቨርሲቲው የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቢሮ ሄደን፣ ክፍል ውስጥ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይመደብልኝ ብዬ ኃላፊውን ስጠይቅ፣ "በሚቀጥለው ሴሚስተር እናያለን ብሏል" ብለሽ በእጅሽ ነገርሽኝ።

አላለም።

ጆሮዬ ባይሰማም፣ አጭር ንግግር ከሆነ ከንፈር አነባለሁ። ሰውየው ያለው፣ "ጓደኛዋ አለችላት አይደል? ሌላ ምን ጎደላት?" ነው።

ልቤ እንዳይሰበር ብለሽ መሆኑ ይገባኛል። ግን ሁለተኛ እንዳታደርጊው። ክፉውንም ቢሆን እንዳለ ንገሪኝ።

ለኔ ስታስተረጉሚ ከራስሽ ትምህርት ስንቴ እንደቀረሽ አውቃለሁ። የስታትስቲክስ መምህርሽ ኮሪደር ላይ ሲቆጣሽም አይቻለሁ። ትናንት መንገድ ላይ ይህን ሁሉ ልነግርሽ ፈልጌ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ እንደተኮራረፈ ሰው ሳንተያይ ገባን። አንቺን አልነበረም የተቀየምኩት።

ዛሬ ከኔ ጋር አትግቢ፣ ወደ ራስሽ ክፍል ሂጂ። አንቺ አጠገቤ እስካለሽ ድረስ፣ ለነሱ እኔ ምንም አልጎደለኝም። መምህሩ ሲያስተምር ምንም ሳይገባኝ ፊት ለፊቱ ልቀመጥ፤ ይየኝ። ከዚያ ብቻዬን ቢሮ እመለሳለሁ። ሰውየው እምቢ ካለም በገዛ እጁ ጽፎ ይስጠኝ።

ፈርቻለሁ።

የክፍሌ በር ላይ ቆመሽ ካየሁሽ እጠራሻለሁ። ስለዚህ እባክሽ አትምጪ።