ትራስ ላይ የሰቀልኩት እግር

ጥቅምት 4
መድኃኒት ቤቱን ጠርጌ ስጨርስ ብጫቂ ወረቀት አገኘሁ። «…ልስ የደም ሥር ሕመም ላለበት ሰው፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ…» ደብተሬ ላይ ለጠፍኩት። ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ትንሽ ሄድ ሲል ባቱን ይይዘዋል። የሱቅ መስኮት የሚያይ መስሎ ይቆማል።
ሁለት ትራስ ደርቤ እግሩን ሰቀልኩለት።
«እሺ፣ ሐኪሜ» አለ እየሳቀ።

ጥቅምት 19
ጣቱ ጠቁሯል። እግሬን ከአልጋው ወደ ታች ሳንጠለጥለው ይሻለኛል አለኝ። ተቆጣሁት።
«ጋሼ፣ አንተ ልብስህን ስፋ። ይሄን ለእኔ ተወው።»


ጥቅምት 23
ሆስፒታል። ቀዶ ሐኪሟ የእግሩን ትርታ በጣቷ ፈለገች… የለም።
«ስብ ደፍኖታል። ደም ቅዳው ነው የተዘጋው፣ ከልብ ደም የሚያወርደው። እግር ከፍ የሚደረገው ደም መልሱ፣ ደም ወደ ልብ የሚመልሰው፣ ለታመመበት ነው። የእሱ ከፍ ሲል ጭራሽ ደም አይደርሰውም። እንደዛ ታደርግ ነበር እንዴ?» አለችው።
ጋሼ አየት አደረገኝ። «ኧረ አላደርግም» አላት።
እኔስ? ወለሉን አየሁ። አፌ የት ሄዶ ነበር?

ጥቅምት 24
ብጫቂዋን ደግሜ አየሁ። «…ልስ»። የሌላ ቃል ጭራ መስሎኝ ነበር። ለካ መልስ ነው። ደም መልስ።

ጥቅምት 27
ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። ከደህናው እግሩ ደም መልስ አውጥተው፣ የተደፈነውን አልፎ ደም የሚወርድበት መንገድ ሠሩለት። እግሩ ተረፈ። ሁለት ጣቶቹ ግን ተቆረጡ። የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጥባቸው…

ኅዳር 3
ነገርኩት።
«ጋሼ፣ ጣቶችህን የጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ትራሱ…»
«አውቃለሁ። አንቺ ስትወጪ አወርደው ነበር። የቁልፍሽን ድምፅ ስሰማ መልሼ እሰቅላለሁ።»
«ለምን አትነግረኝም?»
«ደስ ብሎሽ ነበራ! ደግሞ ወረቀት ይዘሽ መጥተሽ ማን ይችልሻል?»
ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። እያመመው ለእኔ ብሎ…
ሐኪሟ ስትመጣ ተነሳሁ። «የዛን ቀን ዋሽቶልኝ ነው። እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አልኳት። ፊቴ እሳት ሆነ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 9
ቤት ገባን። ትራሶቹን አቅፌ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።
«ጋሼ፣ እግርህን እንዴት ላድርገው? የቱ ጋ ይመችሃል?»
ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁት።