አጎቴ ይመጣል

ታኅሣሥ 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ፍርድ ቤት ዋልሁ። አሥራ አንድ ማመልከቻ ገለበጥሁ። ቀለሙ ቀጥኗል። ዋና ጸሐፊው ውሃ ይጨምሩበታል ብዬ እጠረጥራለሁ...

አመሻሽ ላይ ስገባ የቤቱ ባለቤት እትዬ እንኳየሁ በር ላይ ያዙኝ።

«ለገና የት ነህ?»

«ቤቴ።»

«ብቻህን? በሞትሁት። እኛ ዘንድ ትመጣለህ።»

እሳቸው ዘንድ ማለት አሥራ አራት ሰው፣ የሚያለቅሱ ሕፃናት፣ «መቼ ነው የምታገባው?» የሚሉ አሮጊቶች ማለት ነው። አምና አይቼዋለሁ። አፌ ቀደመኝ።

«አጎቴ ይመጣል» አልሁ።

«ከየት?»

«ከ... ከኮሶዬ።»

ለምን ኮሶዬ? የመጨረሻው ማመልከቻ የኮሶዬ ሰው ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አጎት የለኝም። ማንም የለኝም። እናት አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ሞተው ደብር ነው ያሳደገኝ። በዚህ ማዘን ከተውሁ ቆየሁ። አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። ይበቃኛል።

ታኅሣሥ 25

ማንም አላናገረኝም። እሰይ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ።

ልብሴን አጥቤ ሳሰጣ እትዬ እንኳየሁ ከግቢው በር ተጣሩ። «ፋንታሁን፣ አጎትህ መጡ!»

ቀልድ መሰለኝ። ብቅ ስል አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው በግ እየጎተቱ ይገባሉ። ገበያ መሐል «ከኮሶዬ ነው የመጣሁ፣ ፋንታሁን ጸሐፊውን አገናኙኝ» ሲሉ እትዬ እንኳየሁ ሰምተው፣ «ሲጠብቅዎ ነው የሰነበተ» ብለው እጃቸውን ይዘው አመጧቸው።

ሽማግሌው በጉን ከምሰሶዬ ጋር አሰሩና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አለነ ነኝ፣ አጎትህ። እናትህ ሽታዬ ወደ ሳንጃ ስትወርድ አንተ ገና ጡት ትጠባ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየሁህም። እሷም እዚያው ቀረች፣ ነፍሷን ይማር። ጎንደር ጸሐፊ ሆኗል ቢሉኝ፣ ሳልሞት ልየው ብዬ መጣሁ።» ደግሞ አስተውለው አዩኝ። «አፍንጫህ የእናትህ ነው።»

እትዬ እንኳየሁም ጠጋ ብለው አይተው «ቁርጥ እሳቸውን!» አሉ።

ምን ልበል? አላውቃቸውም ብል ውሸቴ እዚያው ሊዘረገፍ ነው። ደግሞ... አፍንጫዬ የማን እንደሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ዛሬ ገና ሰማሁ። ነገሩ ለእኔ አለመሆኑን እያወቅሁ ደስ አለኝ። «ይግቡ» አልሁ።

እጅጌዬን ሰብስቤ እጃቸውን ሳስታጥብ ክንዴን አዩ፣ አዩ። ቅጥነቴ አሳዝኗቸው ይሆናል። ያመጡትን በሶ ከአንዷ ሳህኔ አብረን በላን።

ታኅሣሥ 27

አልጋዬን ለቅቄ መሬት ተኛሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ጎህ ሲቀድ «ምነው፣ ታመሃል እንዴ?» ብለው ቀሰቀሱኝ። እሑድ ነው እኮ! በጉ ከገመዱ ላይ ካልሲዬን በልቷል። አንዱን ብቻ። ሁለቱንም ቢበላ ይሻል ነበር።

«ለበዓሉ ሌላ እንግዳ ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

«የለም፣ አያ አለነ።»

እሳቸው ግን ደጅ ደጁን ያያሉ። ለምን ይሆን? ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 28

አልነገርኋቸውም። የገና ዋዜማ ነው፣ በዋዜማ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። (ሰበብ።)

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ድካሜ አሁንም አልወጣልኝም።

በጉ ታረደ። አያ አለነ በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን «ግቡ፣ የልጄ ቤት ነው» ይላሉ። እትዬ እንኳየሁ ድስታቸውንና አሥራ አራቱን ይዘው መጡ። ያንን ሁሉ የዋሸሁት እነሱን ለመሸሽ ነበር፣ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷ አሮጊት ገና ሳይጎርሱ «መቼ ነው የምታገባው?» አሉኝ።

«ተይው እቴ፣ ልጄ ሲደርስ ያገባል» አሉ አያ አለነ።

ልጄ... ጭሱ ነው ብዬ ወጣሁ። ጭስ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወርደን ሽማግሌው የገና ጨዋታ ገቡ። የዋና ጸሐፊውን ቅልጥም በዱላ አገኙት። በበዓል ቂም የለም። ቀለሙ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

እውነተኛው ፋንታሁን የት ይሆን እያልሁ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፖስታ ቤት ሄጄ «በዚህ አካባቢ ስንት ፋንታሁን የሚባል ጸሐፊ አለ?» አልሁ። ሁለት። አንዱ እኔ፣ አንዱ አዘዞ እህል መጋዘን።

ሄድሁ። በሩን የከፈተው ሰው አያ አለነ መሰለኝ፣ ጢማቸው ተላጭቶ፣ ሠላሳ ዓመት ተቀንሶላቸው።

«የሳንጃ ሰው ነህ?» አልሁት።

«ነኝ።»

«ገናን የት ዋልህ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ዘመድ መች አለኝና» ብሎ ሳቀ።

ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያው ነው የምስቀው። የዚህን ሰው አጎት ቀምቼ፣ በጉን በልቼ፣ ደጁ ላይ ቆሜያለሁ።

«ማን ልበል?» አለኝ።

«ፋንታሁን» ብዬ እግሬ አውጪኝ አልሁ። እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ጥር 4፣ እሑድ

ነገርኋቸው። ከቅዳሴ መልስ ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር።

«አያ አለነ፣ እኔ የእህትዎ ልጅ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ» አሉ። መፈልፈሉን አላቆሙም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የመጣሁ ዕለት። የሽታዬን ልጅ በሕፃንነቱ እሳት ክንዱን በልቶታል። እጄን ስታስታጥበኝ አየሁ፣ የአንተ ክንድ ሸጋ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«በጉን አስሬ! ተሳስቻለሁ ብዬ በጉን ፈትቼ ልሂድ? ምን ይሉኛል?» ባቄላውን አራገፉ። «ደግሞ ሴትዮዋ አጎቱ ይመጣል አለችኝ። የእውነቱ አጎት ሲመጣ ቦታውን ለቅቄለት፣ የእኔንም ልጅ ፍለጋ እወጣለሁ ብዬ ደጁን አያለሁ። ዋዜማው አለፈ፣ ገናው አለፈ። ማንም አልመጣ። እንዴት ብዬ ጥዬህ ልሂድ?»

አለቀስሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ኋላ «አፍንጫዬስ?» አልሁ።

«እኔ ምን አውቄ። ሸጋ አፍንጫ ነው። እናትህ ሸጋ ነበረች ማለት ነው።»

ያኔ ስለ አዘዞው ነገርኋቸው። «ገናን ብቻውን ነው የዋለው» ስል ባቄላው ከእጃቸው ወደቀ። ጋቢያቸውን እንኳ ሳይለብሱ ወጡ። እኔ ጋቢ ተሸክሜ ከኋላ እሮጣለሁ።

እንደደረሱ ሰላም ሳይሉ የሰውየውን ክንድ ይዘው እጅጌውን ወደ ላይ ገፉት። ጎረቤቱ ሌባ የተያዘ መስሎት ዱላ ይዞ ወጣ። ጠባሳው አለ። አያ አለነ ጠባሳውን ሳሙት። ጎረቤቱም ዱላውን ይዞ አለቀሰ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሦስታችን ፋሲል መዋኛ ወረድን። ፋንታሁን ሲባል ሁለታችንም «አቤት» እያልን ተቸገርን። እሱ ዘአዘዞ፣ እኔ ዘጎንደር እንድንባል ተስማማን። ስለ በጉ ይቅርታ ብጠይቀው «ዳቦውን አንተ ትችላለህ» አለኝ። ከበጉ የሚበልጥ ዳቦ በላ።

እትዬ እንኳየሁ መንገድ ላይ አገኙን። ወደ ዘአዘዞ እያዩ «ይህስ ማን ነው?» አሉ።

«የእህቴ ልጅ» አሉ አያ አለነ።

«ይህኛውስ?»

«እሱም።»

እትዬ እንኳየሁ ሁለታችንን አገላብጠው አዩን። «መንታ ናቸው? አፍንጫቸው ቁርጥ አንድ።»

ጥር 14፣ ረቡዕ

አያ አለነ ትናንት በጭነት ማኪና ሄዱ። ቤቱ ሰፍቶኛል። አልጋዬ ላይ ተመልሼ አልመች አለኝ። ሁለት ሳህን ጨመርሁ። ቅዳሜ ዘአዘዞ ይመጣል።

ስገባ እትዬ እንኳየሁ በር ላይ ያዙኝ።

«ለፋሲካስ የት ነህ?»

«ኮሶዬ» አልሁ። «አጎቴ ዘንድ።»

ዛሬ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልሁት።