ሳልቀምሰው ያስቀመጥኩት ቡና

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ መኪናህን ጥግ አስይዘህ አንብበው፤ አመልህን አውቀዋለሁ። እኛ እዚህ አማን ከተማ ደህና ነን። የእናቴ ጉልበት ተሽሏታል፤ ምላሷ እንደሆነ ድሮም ታሞ አያውቅም።

ባለፈው ከኩዌት ስትደውል «አንቺ ሥራ የያዝሽ ዕለት የመኪናውን ቁልፍ አስረክቤ እመጣለሁ» አልከኝ። በስልክ ሳቅኩልህ እንጂ ከዘጋህ በኋላ አልቅሻለሁ። በስድሳ ሦስት ዓመትህ በዚያ ሐሩር የጭነት መኪና የምትነዳው በእኔ ምክንያት መሆኑን ሳስበው ራሴን ጠላሁት።

ስለ ሥራ አገናኙ ስለ ኒዳል ነግሬሃለሁ። በስምንት ወር ውስጥ ሲቪዬን አምስት ጊዜ አስቀይሮኛል። አንዴ ልምድሽ አነሰ ይላል፣ አንዴ ልምድሽ በዛ። ፎቶሽ ላይ ፊትሽ ተኮሳትሯል ሲለኝ ስቄ ሌላ ተነስቼ ወሰድኩለት፤ ኬሚስት እንዲህ አይገለፍጥም ብሎ መለሰልኝ። የሁሉም ፍጻሜ «እንደውልልሻለን» ነው። ስልኬን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዤ እገባለሁ፤ የሚደውለው ግን አንተ ብቻ ነህ።

ማክሰኞ ዕለት ዘርቃ ከተማ ወደሚገኝ የሳሙና ፋብሪካ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ የሰጡሽን ተቀበይ፣ ምንም እንዳትጠይቂ እያለ ሲመክረኝ ነበር። ባለቤቱ አቡ ገይስ የሚባሉ ከበረሃ ዘላኖቹ ከበዳዊዎች ወገን የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ቡና ቀረበልኝ። እኔ ደግሞ በጭንቀት ከቤት ሦስት ሲኒ ጠጥቼ ስለወጣሁ ልቤ ትር ትር ይላል። ሳልቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ስለ ሳሙና ማውራት ጀመርኩ።

ሽማግሌው ሲኒውን አዩ፣ እኔን አዩ። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። በእኛ ወግ ቡናውን ሳይነካ የሚያስቀምጥ እንግዳ ጉዳይ አለው፤ ጋባዡ እሺ እስኪለው አይጠጣም፣ ጋባዡም እምቢ ማለት ያፍራል። እናቴን ለአንተ ሊጠይቁ የሄዱት ሽማግሌዎችህስ ቡናውን አቀዝቅዘውት የለም?

«ልጄ፣ ጉዳይሽ ምንድን ነው? ጠጪ፣ ተፈጽሞልሻል» አሉኝ።

ኒዳል በጠረጴዛው ሥር በእግሩ ይጎሽመኛል። ሥራውን ይስጡኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በወግ አስገድጄ የያዝኩትን እንጀራ አንተም አትወድልኝም።

«ሥራውን ይስጡኝ አልልም» አልኳቸው። «ብቻ እንደውልልሻለን አይበሉኝ። ይፈትኑኝና ዛሬውኑ ይሆናል ወይም አይሆንም ይበሉኝ። ለአባቴ የምነግረው ነገር ይኑረኝ።»

አቡ ገይስ ወደ ኒዳል ዞረው ሰውን እንዲህ ነው የምታመላልሱት ሲሉት ጣሪያውን ያይ ጀመር። እኔን ላቦራቶሪ አስገብተው፣ ሰሞኑን እየተሰነጠቀ ያስቸገራቸውን ሳሙና ሰጡኝ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሶዳው እንደበዛበት በወረቀት አሳየኋቸው።

«እኔም በምላሴ ቀምሼ ሶዳ ነው ብያቸው ነበር፤ ማን ይስማኝ» አሉ። «እሁድ ጀምሪ። አሁን ቡናሽን ጠጪልኝ።»

በረዶ ሆኖ ነበር፤ ጭልጥ አደረግኩት። ኒዳል ስንወጣ ደስታውንም ንዴቱንም መደበቅ አቅቶት፣ ሁሉም እንዳንቺ ቢሆን እኔ ምን ልበላ ነው አለኝ።

እንግዲህ አባዬ፣ ዒድ ይለፍ፣ አሠሪዬ ሰው ያግኝ እንደምትል ይገባኛል። ነገር ግን ዘግይተሃል። እናቴ ወሬውን ይዛ ሰፈሩን ስትዞር ውላለች። ሐዲል ሥራ ያዘች ብላ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረችም። በየበሩ ያለችው «የሐዲል አባት ሊመጣ ነው» ነው።

የፋብሪካው ኬሚስት ልጅህ፣
ሐዲል