ወልደ ገብርኤል በሱዌዝ የበላው

ጥቅምት ፳፩፣ ማርያም። ከቅዳሴ መልስ።

ዛሬም ገንፎ። ዛሬም ሳልጨርሰው ተነሣሁ። ከኢየሩሳሌም ከተመለስኩ ወዲህ ምላሴን ነገር ሁሉ አልጥመው ብሏል። የምነግረው ለአንተ ነው፣ ወረቀቴ። ሰው ፊት የባሕር ማዶ ምግብ ካነሣሁ ደብተራዎቹ ይጠቃቀሳሉ፤ ሊሳለም ሄዶ ሲበላ ከርሞ መጣ ይሉኛል። ውሸት ነው እንዳልል አሁን ራሱ አፌ ምራቅ ሞልቷል።

ምጥዋ ላይ ያገኘነው ዓሣ። ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ከጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ተለጥፎ የተጠበሰ። በጣት ሲነኩት ከአጥንቱ ይለቃል። የመንገድ ጓደኛዬ ወልደ ገብርኤል (ወረቀት ውድ ነውና ወ.ገ. እያልኩ ልጻፈው) ሥጋ በአፌ አይገባም ብሎ የተሳለ ሰው ነው። ጎልጎታን ተሳልሞ ቤቱ እስኪመለስ፣ ልጅ እንዲሰጠው። ዓሣውን አየው። ዓሣ ሥጋ አይደለም አለ። ሁለት በላ።

ጅዳ ላይ ሩዝ በዘቢብ፤ ተሻምተን ጨረስነው። ኢየሩሳሌም የወይራ ፍሬ በትኩስ ዳቦ። እሱን ብቻዬን ነው የበላሁት። አልጣፈጠኝም።

ጥቅምት ፳፯፣ መድኃኔ ዓለም።

የወ.ገ. ታላቅ ወንድም አለሙ መጣ። የወንድሙን ተዝካር ሊያወጣ ነው። በሬው ከጉና ወርዶ ታስሯል፣ ጌሾው እየተወቀጠ ነው። የነቢያት ጾም ሳይገባ ይሁን ይላል። ወንድሜ ከአገር ከወጣ ከረመ፣ ወሬው ጠፋ፣ ነፍሱን ያለ ፍትሐት አልተዋትም ይላል። ልክ ነው። ግን መሞቱን ማን አየ? መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህና በሽማግሌ ፊት፣ በመስቀል ምለህ ሞቷል በል አለኝ።

ሞቷል? ላልሞተ ሰው ተዝካር ማውጣትስ ምን ይባላል? ሚስቱ ትርንጎስ? ተዝካሩ ከወጣ መበለት ናት፤ አለሙ መሬቱን ይረከባል፣ እሷ ገሳይ አገር ወዳለው አባቷ ቤት ትመለሳለች። ካልወጣስ እስከ መቼ ደጅ ደጁን ስታይ ትኖራለች? እራቴን ተውኩት፤ ይህ ደርሶብኝ አያውቅም።

ኅዳር ፩። ጧት።

ለንስሐ አባታችን ለአባ ተክሌ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ለአንተም ልድገመው፤ ስጽፈው ይጠራልኝ እንደሆነ።

ሱዌዝ፣ የግብጽ ወደብ። መርከቡ ሆዴን ገለባብጦታል። አንድ ቤት ገባን፤ የማያውቁትን ሰው አስቀምጠው የሚያበሉበት፣ ላበሉትም ዋጋ የሚቀበሉበት። እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እንግዳ ይከፍላል እንዴ? እዚያ ደንብ ነው። ባለቤቱ ሰማያዊ ሻሽ ጠምጥሟል። ክርስቲያን ይሁን እስላም አላወቅሁም። ለወ.ገ. ክብ ክብ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ በዘይት የተጠበሰ ነገር አቀረበለት። ውጩ ጠየም ያለ፣ ሲቆረስ የሚንኮሻኮሽ። ሽታው ሽንኩርት፣ ድንብላል። ወይ ሽታው! እኔ ታምሜ ስለነበር አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም። ምንድን ነው ብለንም አልጠየቅንም። የቀረበለትን ምግብ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አለ? እናቶቻችን እንዲያ አድርገው አላሳደጉንም።

ወ.ገ. ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል። ወደ ካይሮ የሚወስዱን ግመሎች ሊነሡ ነው ብዬ ጎተትኩት። ቅደም፣ ይህችን ጨርሼ እደርስብሃለሁ አለኝ። ቀደምኩ። ከኋላ ካሉት ጋር ይሆናል እያልኩ ካይሮ ገባሁ። የለም። ኢየሩሳሌም እስከ ፋሲካ ጠበቅሁት። የለም። ስመለስ ከመነኮሳት ጋር በሱዳን፣ በስናር በኩል ስለመጣሁ ያን ቤት ዳግመኛ አላየሁትም።

አባ ተክሌ፣ የበላው ሥጋ ነበር ወይ አሉኝ። ሥጋ ከሆነ ስለቱን አፍርሷል፤ እስላም የባረከው ከሆነማ ሃይማኖቱንም ትቷል፤ እዚያው ሊኖር ቆርጦ የቀረ ሰው ነው፣ ተዝካር አይገባውም። ሥጋ ካልሆነ ግን ስለቱን እንደጠበቀ ክፉ ነገር አግኝቶታል፤ እንደ ክርስቲያን ይፈታ። እንዲህ አሉ። ሥጋ ይመስለኛል አልኩ። ወዲያው ደግሞ አይመስለኝም አልኩ። በመስቀሉ ግንባሬን ነካ አድርገው አሰናበቱኝ።

ኅዳር ፬። ወንዛዬ።

አባ ገብረ ሥላሴ ግብጽ ብዙ ዘመን የኖሩ መነኩሴ ናቸው። እዚህ ፍል ውኃው ውስጥ ጉልበታቸውን ነክረው አገኘኋቸው። ስነግራቸው ሳቁ። የግብጽ ክርስቲያኖች ባቄላ ዘፍዝፈው፣ ከሽንኩርትና ከድንብላል ጋር ፈጭተው፣ ጠፍጥፈው በዘይት ይጠብሳሉ፤ ዐቢይ ጾምን የሚዘልቁት በሱ ነው አሉኝ። ባቄላ! ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ቀጠሉ። ሥጋም ከትፈው እንደዚያው አድርገው ይጠብሳሉ፤ መልኩም ሽታውም ያው ነው፤ ካልቀመሱት አይለይም አሉ። ይህን ለመስማት ነው እዚህ ድረስ የተንከራተትኩት።

ስመለስ ባቄላ ነው እላለሁ። ለስሙ ይሻለዋል። አዎ፣ ባቄላ ነው።

ኅዳር ፮፣ ቁስቋም።

ትርንጎ ጋ ሄድኩ። ገብስ ታበጥራለች። ባሏ ስለቱን አላፈረሰም፣ ባቄላ ነው የበላው፣ በክብር ይፈታል አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች።

"አያ ደስታ፣ ሥጋ ቢሆን ይሻለኛል" አለች።

ስለቱስ፣ ሃይማኖቱስ አልኳት።

"በሕይወት ካለ ንስሐ ይገባል። ልጁም ይቅርብኝ፤ እሱ ይኑርልኝ እንጂ።"

ቀጥላ ሲበላ ደስ ብሎት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር አልኳት። ሳቀች። ቤትም እንደዚያው ነው አለች። ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔም አለቀስኩ። ስሙን አዳንኩለት ብዬ ሳስብ ለካ እየቀበርኩት ነው። ግን ሥጋ ነው ብልስ፣ ያላወቅሁትን ልምል ነው? ለማን ላድላ? ለሱ ስም? ለሷ ተስፋ? ለነፍሴ?

ኅዳር ፲። ከሰዓት በኋላ።

ማልኩ። አለሙ ደጅ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ የአባ ተክሌን መስቀል ይዤ። ሲበላ ነው ያየሁት፣ ሬሳ አላየሁም፣ ሥጋ ይሁን ባቄላ አላውቅም አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አለሙ በገነ። በሬው ታስሮ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ አንተ ስለ ባቄላ ታወራለህ አለኝ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አባ ተክሌ ግን ተዝካሩ እስከ ከርሞ ይቆይ፣ ትርንጎም ከቤቷ አትነቃነቅ፣ እስከዚያ አንድ ሰው ሄዶ ያጣራ ብለው ፈረዱ። ማን ይሂድ ተባለ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። አንዱ ሽማግሌማ ያየው ሆዴን ነው።

ነጋዴዎቹ በሚካኤል ማግስት ወደ ምጥዋ ይወርዳሉ። አብሬ እሄዳለሁ። ቆርጫለሁ። ያን ቤት አገኘዋለሁ፣ እሱ በተቀመጠበት እቀመጣለሁ፣ ነውርም ቢሆን ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ እበላዋለሁ። ሥጋ ከሆነ እዚያው አገር አለ ማለት ነው፤ ቤት ለቤትም ቢሆን ፈልጌ፣ አግኝቼ፣ ሕያው ነው ብዬ ለትርንጎ እነግራታለሁ። ባቄላ ከሆነ ግን ሞቷል ማለት ነው፤ ይህን ለትርንጎ የምነግርበት አፍ የለኝምና ሥጋ እስኪሆንልኝ ደጋግሜ እበላዋለሁ።