ፊቷ የተፋቀባት እመቤታችን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለውባንቺ፤ ከነቤተሰብሽ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ለጤናዬ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ፤ ሌላው ግን ደህና አይደለም።

በስልክ ያዋራችሽ ጎረቤቴ አበዛሽ ጉልበቷን ኦፕሬሽን አድርጋ ዛሬ በምርኩዝ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ልጆቿ ከስፕሪንግፊልድ እየተመላለሱ አንዷ ትራሷን ስታስተካክል ሌላዋ ታጎርሳታለች። እሷ ደግሞ “ጉልበቴን ታከምኩ እንጂ እጄ አልተቆረጠ!” እያለች ትቆጣቸዋለች። አልዋሽሽም፣ ቀናሁባት። የኔዋ ዮዲ ከቤት ወጥታለች፤ ስልኬንም አታነሳም።

ዶክትሬቷን የምትሠራበትን ነገር ነግሬሽ ነበር። ድሮ ሆላንዶች በሃይማኖት ሲፋጁ ቤተ ክርስቲያን እየገቡ የቅዱሳኑን ምስል ሰባብረዋል፤ እሷ የምታጠናው ያንንና ሠዓሊዎቻቸው ጦርነቱን እንዴት እንደ ሣሉት ነው። አገራቸው ድረስ ሄዳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጥፋቸው ነበር። ወታደር ቤት ሲያቃጥል፣ እናት ልጇን ስትነጠቅ፣ ቅዱሳኑ አንገታቸው ተቀልቶ። እመቤታችን ልጇን እንዳቀፈች ፊቷ በቢላ ተፍቆ! አልጋውን ላነጥፍ ስገባ ልሳለማት እልና፣ ፊት የላትም።

ልጅቷ መብላትም መተኛትም ስታቆም፣ ይሄ ነው ያደከማት አልኩ። የተጎዳ ቅዱስ ሥዕል እኛ ዘንድ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ታውቂያለሽ። የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ሁሉ በነጠላ ጠቅልዬ ለንስሐ አባታችን ለቀሲስ ገብረሥላሴ ወሰድኩላቸው። ደግ አደረግሽ ብለው፣ ጸሎት አድርሰው፣ በክብር አቃጠሉልኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ እኮ!

ለካስ በየፎቶው ጀርባ የስንት ዓመት ልፋቷን በእጇ ጽፋበት ኖሯል። ፎቶው ኮምፒዩተር ውስጥ አለ፤ ጽሑፉ ግን የትም የለም። ብትጮህብኝ በወደድኩ። ባዶ የቀረውን የግድግዳውን ቦታ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፣ “እማዬ፣ እነሱም እኮ ለእግዚአብሔር ብለው ነው የሰበሩት” አለችኝና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ውባንቺ፣ ምን ልሁን? ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጓደኛዋ ኤፍራታ ቤት ናት ሲሉኝ ሄጄ ባንኳኳ አልከፈተችልኝም። ሕፃን ሳለች ያዘልሻት አንቺ ነሽ፤ አንቺን ትሰማለች። በእመብርሃን ደውዪላት። እኔን ይቅር በያት አላልኩሽም፤ ትምህርቱን እንዳትተው ብቻ ንገሪያት።

ለባለቤትሽ ለከፈለ፣ ለሰርካለም፣ ለትንሿ ፅጌ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የእማማን ጉልበት ስሚልኝ፤ ስለ ዮዲ ግን ምንም እንዳይሰሙ።

ይህን እየጻፍኩ ኤፍራታ መጣች። ዮዲ የክረምት ካፖርቴን አምጪልኝ ብላ ልካት ነው። ትበላለች ወይ ስላት “ትንሽ ትንሽ” አለች። መጻፍ ጀመረች ወይ ስላት “እትዬ፣ ላፕቶፗንም አልከፈተችው” አለችኝ። የአንገት ልብሷን ጨምሬ ብሰጣት፣ “ካፖርቱን ብቻ ነው ያለችኝ” ብላ መለሰችልኝ።

እህትሽ ሰርክአዲስ
ላንድማርክ፣ አሌክሳንድሪያ
ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.