ለሐኪም ያስጠናኋት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከሰዓት 9፡00

ዛሬም አላስተማርኩም። ለር/መምህሩ ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። ውሸት። ልጄን ሜሮንን ይዤ ክሊኒክ ነበርኩ። 16 ዓመቷ ነው። ድምፅ ይሰማታል፣ ጫት ትቅማለች። የአእምሮ ሐኪሟ መጀመሪያ ጫቱን ትታ ትምጣ አለች። አ.አ. ሱስ የሚያክሙት ዘንድ ደወልኩ። እነሱ ደግሞ መጀመሪያ ድምፁን ትታከም፣ ለነገሩ ከ18 በታች አንቀበልም አሉ። ልጄ አንድ ናት! ለሁለት ከፍዬ ልላካት? ደብተሬ፣ አንተ ላይ ካልጮህኩ ማን ላይ ልጩህ።

ረቡዕ 12። ማታ 1፡00

አዳማ ወረድን፣ ሌላ ክሊኒክ። ሚኒባስ ውስጥ ለፈተና እንደማዘጋጃቸው ተማሪዎቼ አስጠናኋት። ጫት ትቅሚያለሽ ሲሉሽ ቀምሼው አላውቅም በይ፣ አትንተባተቢ። ቀጥ ብላ ዋሸች። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት። እኔን «እማማ» አለኝ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ! ግን ተቀበላት። መድኃኒት ሰጣት። ስንመለስ መንገድ ላይ ያለችው ኢተያ እስክንደርስ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

እሑድ 16። ረፋድ

አልሆነም። መድኃኒቱ ያደነዝዛታል፣ ለመንቃት ብላ ጫቱን ትጨምራለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ድምፁም ብሶባታል። ለሐኪሙ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን ልበለው? መልሼ አስቀመጥኩት። ሜሮን አየችኝ።

«እማ፣ እሱ እኮ የሚያክመው እኔን አይደለም። አንቺ ያስጠናሻትን ነው።»

ገላመጥኳት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የፈራሁት ለእሷ ብቻ ነበር? የመምህራን ክፍሉንም ወሬ ፈርቻለሁ። አፈርኩ።

ሰኞ 17። ጠዋት 3፡40

አዳማ። የክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተራ እየጠበቅን። እውነቱን ልናገር ነው የመጣሁት። ግን ሐኪሙ ጫቱን ትታ ትምጣ ካለስ?

አጠገቤ ከሳጉሬ የመጡ እናት አሉ። ለሴት ልጃቸው በኦሮምኛ ያንሾካሹኩላታል። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ስለ ጫት ከጠየቁሽ አላውቅም በይ ይሏታል። ቁርጥ የኔ ትምህርት! አላስቻለኝም። አዴ፣ እናቴ፣ ይተዉ፣ እኔም አድርጌው ልጄ ባሰባት አልኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፣ በሰው ጉዳይ ምን አገባሽ አሉኝ። ቆይተው እጄን ያዙ።

አሁን ተስማማን። አራታችንም አንድ ላይ እንገባለን። ሐኪሙ ጫቱንም ድምፁንም አንድ ላይ ይስማ። ትታ ትምጣ ካለ ከክፍሉ አንወጣም፣ ዘበኛ ይጥሩብን።

ሜሮን ተብሎ ተጠራ። እኔ ገና ስጽፍ እሷ ተነስታ በሩን ከፈተችው።